ሻኛ የሌለው ወይፈን

ቡራዩ ከምኖርበት ግቢ ጎረቤቶች ጋር በየዓመት በዓሉ ቅርጫ እንገባለን። ዘንድሮ ለፋሲካ በሬ የመምረጡን ነገር ለወጣቶቹ ተውንላቸውና ሱሉልታ ካለ ማድለቢያ አንድ ድቅል በአይሱዙ ጭነው መጡ። ሲያወርዱት ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ወጣ። ጀርባው ለጥ ያለ፣ ታፋው የሞላ፣ ምን አለፋችሁ፣ ሥጋ ራሱ በአራት እግሩ ቆሞ ነበር። ታዲያ ከመካከላችን አንድ ጡረተኛ በሬውን ሁለት ጊዜ ዞረውና «ሻኛውስ የታለ?» አሉ። እውነትም ትከሻው ላይ ቡጢ የምታህል እብጠት ብቻ ናት ያለችው። ክርክር ተነሣ። ሻኛ ለየመደቡ እኩል ካልደረሰ ምኑን ቅርጫ ሆነ ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ወጣቶቹ በስልካቸው የፈረንጅ ከብት ፎቶ እያሳዩ «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሌላ ሌቭል ነው!» ይላሉ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ዕድሜዬን ከብት ሳዳቅል እንደኖርኩ ያውቃሉ። «ደንበኛ ድቅል ነው፤ ሥጋው አያሳፍርም» ብዬ ፈረድኩና ወደ ቤቴ ገባሁ። በዓሉ እንዳለፈ ሰበታ ሄድኩ።

ሰበታ አንዲት ባልቴት አሉ፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ከብዙ ዘመን በፊት በሽማግሌ ፊት የእሳቸውን እውነት ውሸት፣ የእኔን ውሸት እውነት አስደርጌባቸዋለሁ። ነገሩን ማድበስበስ አልወድም፤ የመጣሁበትን ከመጀመሪያው ልናገር ብዬ ነው። ያኔ እሠራባት የነበረችውን ተጂን ለቀው ከባላቸው ጋር ሰበታ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ ከሰማሁ ስድስት ዓመት ይሆነኛል። ከቡራዩ ሰበታ ደግሞ ታክሲ ቀያይሮ ከረፋድ በፊት የሚደረስበት መንገድ ነው። ስድስት ዓመት ያልሄድኩት መንገዱ ርቆኝ አይደለም ማለት ነው።

ዘመኑን በቁጥር አልጠራውም። ወንዱ ሁሉ ጎፈሬውን የሚያበጥርበት፣ ቤልቦተም ሱሪ መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ ነበር ካልኩ የደረሰበት ሰው ይገባዋል። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ላይ ጨው፣ በርበሬና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ጥግ ላይ ነበረች፤ ከጎኗ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ቦምቦሊኖ ይጨምርና ጌታ ሆኖ ይወጣል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ራዲዮኑን መስኮት ላይ ስለሚያስቀምጥ ዘፈኑ ለመንገደኛውም ይደርሳል፤ ሳክስፎኑ ሲገባ የአውቶቡሱ ረዳት ሥራውን ትቶ ትከሻውን ይሰብቃል። ባለፈው ሳልፍ ያ ጥግ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከታች ሞባይል ይሸጣሉ፣ ከላይ ጥርስ ይነቅላሉ። ቅር አላለኝም። ሱቋ ዝናብ በመጣ ቁጥር ታፈስ ነበር።

አባቴ ከባንኮኒው ኋላ እንድተካው ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ሆለታ ሄጄ ከብት ማዳቀል ተማርኩ። ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉት «መንግሥት ቤት ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ልጄ ላም ያስረግዛል ብሎ ለማን ይናገር! ከሆለታ ቆላ ወዳለ ትልቅ የከብት እርባታ ላኩኝ። እዚያ በግማሽ ቦረና፣ በግማሽ የፈረንጅ የሆነ የሥጋ ከብት ለማውጣት ይሠራ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡት ኮርማዎች ሲሜንታል የሚባሉ፣ ሰውነታቸው ቀይ ፊታቸው ነጭ፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ነበሩ። ግን ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ምላሳቸውን አውጥተው ግራር ሥር ያለከልካሉ። መዥገሩም ከጆሯቸው ሥር አይጠፋም። ቦረናዋ ላም ቆዳዋን ነቅነቅ አድርጋ የደረቀውን ሣር ትግጣለች። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሙቀቱንና መዥገሩን መቻል ከእናቲቱ፣ ሥጋውን ከአባቱ መውሰድ። ድቅሎቹ ሲወለዱ ሐሳቡ በዓይኔ ፊት ሥጋ ለበሰ፤ በቀትር ይግጣሉ፣ ከእናታቸው ወገን ካሉት እኩዮቻቸው በአንድ ክረምት ልቀው ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያቆመኝ አልነበረም፤ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ላይ እሰብክ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ልብ አላልኩም። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለው ከብት ሁሉ ለሥጋ ነው። ቀንበር የሚባል ዕቃ እዚያ አላየሁም።

ድቅሉ ወደ ገበሬውም ይውረድ ተባለና ተጂ ተመደብኩ። ተጂ ያኔ አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ወፍጮ፣ የሐሙስ ገበያና ክረምት ላይ ጉልበት የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ነበረች። ከባሕር ዛፍ የተሠራ ጠባብ የላም መያዣ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት፣ አባለዘሩ የሚቀመጥበት የናይትሮጅን ዕቃ፣ ይኸው ነበር መሥሪያ ቤቴ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም ብዬ ሁለት ጊዜ አስተባበልኩ፤ በሦስተኛው ዝም አልኩ። ማዕረግ ሲለመድ ይጣፍጣል። አባለዘሩ በቀጫጭን ቀሰሞች ነበር የሚመጣው፤ በቀዩ የቦረና ኮርማ፣ በሰማያዊው የሲሜንታል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ገበሬው የመረጠውን ስጥ። ገበሬው ደግሞ ሁልጊዜ ቀዩን ይመርጣል። እኔ ስለ ኪሎ ስሰብክ በትሕትና ያዳምጠኝና ስጨርስ «እሺ ዶክተር፣ እንግዲህ ሻኛ ያለውን አድርግልኝ» ይለኛል። ሰማያዊዎቹ ቀሰሞች ሳይነኩ ተቀምጠው ናይትሮጅኑ ይተናል። እኔ ገበሬው ኋላ ቀር ነው እል ነበር፤ ያኔ የተማርን ሰዎች ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣ ቃል ይህ ነበር።

ኦቦ ገመቹ አንድ በሬ ብቻ የነበራቸው ገበሬ ናቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከየት እንዳገኙት የማይታወቅ የወታደር ካፖርት በክረምትም በበጋም የማይለያቸው ሰው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ካልተቀናጀ ማረስ አይችልም፤ እሳቸውም ከጎረቤታቸው ከቶሎሳ ጋር እየተቀናጁ አንድ ቀን የራሳቸውን፣ አንድ ቀን የእሱን ያርሱ ነበር። በሬያቸው አርጅቷል። ተስፋቸው ቡሬ የሚሏት ላማቸው ነበረች፤ ወንድ ብትወልድ ጥጃው አድጎ የሽማግሌውን በሬ ቦታ ይይዛል። ይህን ተጂ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ እኔም አውቅ ነበር።

ቡሬ ኮርማ የፈለገች ዕለት ኦቦ ገመቹ ደቦ ላይ ነበሩና ሚስታቸው አዴ ጫልቱ የሁለት ሰዓት መንገድ እየነዱ አመጧት። የአበባ ቺት ቀሚስ ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ከጭቃው ለማዳን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ላሟን መያዣው ውስጥ አስገብተው ግንባሯን እያሻሹ፣ «ዶክተር፣ ገመቹ ነው የላከኝ። ሻኛ ካለው ስጣት ብሏል። ለእርሻ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዕቃውን ከፍቼ ሳጎነብስ ደግመው «ሻኛ ያለው ነው አይደል?» አሉ። የሰማሁ አልመሰልኩም። ቡሬ ዳሌዋ ሰፊ፣ ቁመናዋ ያማረ፣ በተጂ ካየኋቸው ላሞች ሁሉ የምትበልጥ ነበረች፤ ትልቅ ጥጃ ለመሸከም የተፈጠረች መሰለኝ። እንዲህ ያለችው ላም በቀዩ ከምትባክን አልኩ። የሚወለደውን ሲያዩ ያመሰግኑኛል ብዬ ሰማያዊውን አነሣሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ለሰው ከራሱ ይልቅ የማውቅለት መስሎኝ ነበር።

ጥጃው ወንድ ሆነ፤ ግንባሩ ቦቃ፣ ፊቱ ሁሉ ነጭ። አባቱ ማን እንደሆነ ለመናገር አዋቂ መጥራት አላስፈለገም። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን በትከሻው ላይ ለጥ አድርገው አሳለፉና እኔን አዩኝ። «እስቲ ይደግ» አልኩ። አደገ፤ እንዴት ያለ እድገት! በሁለት ዓመቱ እናቱን በለጣት፤ የሁለት ከብት ድርቆሽ ይበላል። ለሥጋ ይሽጡት አልኳቸውና ለበዓል ገበያ አወጡት። ነጋዴዎቹ ከበው ያደንቁታል፣ ታፋውን ይመቱታል፣ ከዚያ «ሻኛ የሌለውን ማን ቅርጫ ይገባበታል?» ብለው ያልፋሉ። ከከተማ ለድቅል ገዢ ይመጣል ስንል የኖርነውም አልመጣም። ሦስት ገበያ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እንግዲህ ይረስበት ተባለ።

ቀንበር የሚያርፈው ከሻኛው ፊት ነው፤ በሬው ሲስብ ሻኛው ያግደዋል። ይህን ሰበታ ሱቅ ውስጥ ያደግሁት እኔ ያወቅሁት የዚያን ዓመት ሰኔ፣ ከማሳው ዳር ቆሜ ነው። ወይፈኑ በሳበ ቁጥር ቀንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ማነቆው ጉሮሮውን ይዞ ያስለዋል። በሳምንቱ ትከሻው ተገሽልጦ ቆሰለ። ፀሐይ ከበረታች ደግሞ ትልሙ መካከል ይተኛል፤ ጅራፍ ቢጮህ፣ ቢለመን አይነሣም። ቶሎሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የዘር ወቅት ማንንም አይጠብቅም፤ «ኦቦ ገመቹ፣ እኔ በሬዬን ከዚህ ጋር አስሬ ልጆቼን አላስርብም። ለእርሻ የሚሆን አሳድጋለሁ ብለውኝ አልነበረም ወይ?» ብሎ መቀናጆውን አፈረሰ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለች ወይራ ሥር ተቀመጡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ኦቦ ገመቹ ቃላቸውን አጥፈው ለሥጋ የሚሆን ጥጃ ፈልገዋል ወይስ አልፈለጉም? እሳቸው ሻኛ ያለውን ብዬ ሚስቴን ልኬያለሁ አሉ። አዴ ጫልቱ ተነሥተው «ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ» አሉ። ከዚያ እኔ ተጠየቅሁ። ደንብ መጣሴ ከታወቀ ወደ ቆላ እንደምመለስ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሰበታ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ የልጅቱ አባት ቆላ የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አሰብኩና «አዴ ጫልቱ ያሉኝ ጥሩውን ስጣት ነው። እኔም ጥሩውን ሰጠሁ» አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የተማረ ሰው ምን ቸግሮት ይዋሻል? ሴትዮዋ መልእክቱን በመንገድ ጥለውት መጥተዋል» አሉ። ቶሎሳ መቀናጆውን እንዲያፈርስ ተፈቀደለት። አዴ ጫልቱ አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ አንድ ነገር ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ዓይን ነበር ዓይናቸው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ዓመት ኦቦ ገመቹ መሬታቸውን በሬ ላለው ሰው ለእኩል ሰጡ፤ ግማሹ እህል የሌላ ሰው ጎተራ ገባ። የሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። ወይፈኑን በመጨረሻ ለማን እንደሸጡት አላውቅም። እኔ ልጅቱን አገባሁ፣ ሱሉልታ ተዛወርኩ፣ እዚያ ለወተት ላሞች ስሠራ ጡረታዬ ደረሰ። አሁን ሱሉልታ ስትሄዱ በየማድለቢያው የቆመው ያ እኛ የሰበክነው ከብት ነው፤ ነጋዴው በኪሎ ይገዛዋል፣ ሻኛ የሚጠይቀው እንደ እኛ ግቢ ያለ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሐሳባችን ስሕተት አልነበረም፤ ቆላ ላይ ያየሁትም ሐሰት አልነበረም። ይህን አንዳንዴ ለራሴ መጽናኛ አደርገዋለሁ፤ ብዙም አያጽናናኝም። ከብቱ ትክክል መሆኑና እኔ መዋሸቴ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የልጃቸው ቤት ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ጀርባ ነው። አዴ ጫልቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰውነታቸው አንሷል፤ እጃቸው ግን ፈጣን ነው።

«አዴ ጫልቱ፣ አካም ጅርቱ?» አልኩ።

«ነጋዳ፣ ደኅና ነኝ። ማነህ አንተ?»

«ተጂ ላሞች አዳቅል የነበርኩት ነኝ።»

«ዶክተር!» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሸምግለህ የለም እንዴ! ቁጭ በል። ገመቹ ዐረፈልህ፤ አራት ዓመቱ።»

«ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ።» ተቀመጥኩ። በታክሲ ውስጥ ያዘጋጀሁት መግቢያ ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «የመጣሁት ስለ ቡሬ ነው» አልኩ።

«ስለ ላሜ?»

«ያመጧት ዕለት ሻኛ ካለው ስጣት ብለውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ሌላውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «ብዬህ ነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

«ሻኛ ብዬ?»

«ሻኛ ብለው። ለእርሻ ነውም ብለውኛል።»

«ዱጋ? እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለስድቡ ተዘጋጅቻለሁ። «የመጀመሪያውን ዓመት ነግሬዋለሁ እያልኩ አለቀስኩ» አሉ ቀስ ብለው። «በሁለተኛው ዓመት፣ ምናልባት ጥሩውን ብዬ ይሆናል አልኩ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ላሟ ታስቸግረኝ ነበር፣ አፌ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲያማ አመንኩ። ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ፤ ባሌን እርሻውን ያስፈታሁት እኔ ነኝ ብዬ። ሰግጄበታለሁ። ጾሜበታለሁ። ገመቹ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ በእኔ ምንም ልኮ አያውቅም። እሱም ይህን ሳይሰማ ሄደ።»

ልጃቸው፣ አሁን እሷም ሽበት የጀመራት ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «እማዬ መልእክት አትይዝም» አለችኝ፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። «ለእገሌ እንዲህ በይልን ስንላት፣ እኔ አጠፋዋለሁ ሌላ ሰው ላኩ ነው የምትለን። ልጆቼ እንኳ ያውቃሉ። እኛ ጠባይዋ ነው የሚመስለን።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። አፈርኩ፤ ይህን ያህል እንደማፍር አላሰብኩም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በእኔ ቤት የወሰድኩባቸው የሁለት ዓመት እርሻ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ይቅርታውን አልመለሱልኝም። «ኮቱ» ብለው ልጃቸውን በእጃቸው ጠሩና አጠገባቸው አስቀመጧት። ወደ እኔ ዞረው «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ሰማች። አዴ ጫልቱ ግን ከንፈሬን ነበር የሚያዩት፤ ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቶሎሳ አለ» አሉ። «ተጂ ነው፤ ጆሮው ከብዷል። ከዚያን ቀን ሽማግሌዎችም አንዱ አሉ፤ አልጋ ላይ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትወስደኛለህ።»

«እወስድዎታለሁ።»

«በእነሱም ፊት ትለዋለህ።»

«እላለሁ።»

«ጮክ ብለህ።»

«ጮክ ብዬ።»

ልጃቸው ስልኳን አወጣች። «ለቶሎሳ ልደውልና እሑድ ትመጣለች ልበለው?» አለች። ጥሪው መጮህ ሲጀምር አዴ ጫልቱ ምስሩን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በይው። እኔው እነግረዋለሁ» አሉ።